ክንፏን የጣለች ንግሥት

አንድ ሰው ነበረ፤ ጸሎት የሚችል ሰው።

አንዳንዱ ሰው በእርሻው ይታወቃል፤ አንዳንዱ በሙግቱ። ይህ ሰው የሚታወቀው በጸሎቱ ነው። ለቅሶ ቤት እሱ ከጸለየ እንባ ያነቀው ሰው ተንፈስ ይላል። ሰርግ ላይ እሱ ካልባረከ ሙሽሮቹ የተጋቡ አይመስላቸውም። ሰው ሲታመም «ላሊሶን ጥሩልን» ይላሉ። ስሙ ላሊሶ ነው። ከሐይቁ ማዶ ባለው ቆላ በቆሎና ካሳቫ የሚያመርት ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ በቤቱ፣ እራት ከመበላቱ በፊት ይጸልያል። አጭር ጸሎት እንዳይመስላችሁ! ጎመኑ ይቀዘቅዛል። ትንሹ ልጅ አንድ ዓይኑን ገልጦ ሳህኑን ሰርቆ ያያል። ላሊሶ አይቸኩልም። ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ እግዚአብሔር ፊት ያቆማቸዋል። «ሚልክያስን ባርክልኝ» ይላል፤ ቤቱ «አሜን» ይላል። «ሊዲያን ባርክልኝ»፤ «አሜን»። «ኢዮኤልን ባርክልኝ»፤ «አሜን»።

የላሊሶ አባትም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ የአባቱም አባት። በዚያ ቤት ልጅ ልጅነቱን የሚያውቀው በዚያ ጸሎት ነው። ማታ አባቱ ስሙን የጠራለት ልጅ ጠዋት ቀና ብሎ ይወጣል።

ግን ወገኖቼ፣ የላሊሶ ልጆች ሦስት አልነበሩም። አራት ናቸው።

የመጀመሪያዋ ዝናሽ ናት። ድሮ ስሟ ከሁሉ ቀድሞ ይጠራ ነበር። አሁን አይጠራም።

እራቱን ሠርታ የምታቀርበው እሷ ናት። አልጋ ላይ የዋለችውን እናቷን ቀና አድርጋ የምታጎርሰው እሷ ናት። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ የሦስቱን ስም ሲጠራ ከሁሉ ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው «አሜን» የእሷ ነው። ከዚያ ላሊሶ የእሷን ስም ይዘልና እጁን ወደ ምግቡ ይሰዳል።

ምን አድርጋ ነው? ሰርቃ ነው? አባቷን በሰው ፊት አዋርዳ ነው? አይደለም። ስሙኝ።

ዝናሽ ከተማ ወርዳ ጤና ኮሌጅ ትማር ነበር። ከዚያ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ወጥቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ላሊሶ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። ገበያ ላይ «የዶክተሯ አባት» ሲሉት «ኧረ ገና ነች» ይላል፤ ግን ፊቱ ሁሉ ጥርስ ይሆናል። አባት አይደለም እንዴ? ማን ይፈርድበታል?

አንድ ቀን የዝናሽ እናት ፋንታዬ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ሲያነሷት ግማሽ ሰውነቷ አልታዘዝ አላት። አንድ እጇ፣ አንድ እግሯ፣ ግማሽ አፏም እንኳ። ዝናሽ ለጥቂት ቀን ብላ መጣች። መጥታ ምን አየች? እናቷ ያለ አገላባጭ ተኝታ ጀርባዋ ቆስሏል። ኢዮኤል ሳይበላ ተኝቷል። ሊዲያ ከትምህርት ቤት ቀርታ አመድ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አባቷ ደግሞ ጉባኤ ሊያገለግል ሄዷል።

ላሊሶ ሲመለስ «በይ፣ ትምህርትሽ እንዳያመልጥሽ ተነሺ» አላት። «እናትሽን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ አባባ» አለችው። «ማን ነው የሚያገላብጣት?»

መልስ የሌለው ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይቆጣል።

ቀን ቀንን ሲወልድ ዝናሽ አልተመለሰችም። ከዕለታት አንድ ቀን ላሊሶ ከማሳ ሲገባ ዝናሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። በእጇ መቀስ ይዛለች። ጭኗ ላይ ያ ነጭ ጋዋን አለ። እጅጌውን ቆርጣ ጨርሳለች፤ ጀርባውን እየቆረጠች ነው። ለስላሳ ጨርቅ ስለሆነ ከእናቷ ሥር ልታነጥፈው ነው።

ላሊሶ ልጁን ያን ጋዋን ለብሳ ያየበት ቀን የሕይወቱ ትልቁ ቀን ነበር።

«በገዛ እጅሽ ክንፍሽን ቆረጥሽው» አላት። «የእኔንም አብረሽ ቆረጥሽው።»

የዚያን ማታ ሚልክያስን ጠራ፣ ሊዲያን ጠራ፣ ኢዮኤልን ጠራ። ቆመ። ቤቱ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ታጥቦ መብላት ጀመረ።

የአንድ ማታ ንዴት ነው ብላችሁ ታስባላችሁ። እሱም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም። ነገር ግን በማግስቱም ዘለለው፤ ከዚያ በኋላ መዝለሉ ለመደበት። ክረምት ገብቶ ወጣ፤ በጋውም አለፈ። ፋንታዬ በዚያ በግማሽ አፏ አንድ ማታ «ስሟ… ስሟስ?» አለች። ላሊሶ ያልሰማ መሰለ። ለሰው ሁሉ የሚጸልየው ላሊሶ፣ ለጎረቤት ጥጃ ሳይቀር የሚጸልየው ላሊሶ፣ ለገዛ ልጁ አፉ ተያዘ።

አሁን ደግሞ ወደ ጉንዳኖች ልውሰዳችሁ።

በዚያ ቆላ በየዓመቱ የበልግ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ዘንቦ ፀሐይ ስትወጣ ከጥቁር ጉንዳኖቹ ጉድጓድ ክንፋሞቹ ይወጣሉ። እንደ አሸን ይፈላሉ። ሰማዩ ይርገበገባል። ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ወፉም ዶሮውም የዚያን ቀን ጠግቦ ያድራል። ለአንድ ከሰዓት ነው፤ ከዚያ ያልቃል።

በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጣች። ዶክተር ትርሲት ትባላለች። ጉንዳን ታጠናለች። አትሳቁ፤ የቀበሌው ሰውም ስቆ ነበር። ንግሥቶቹን በሕይወት ሰብስባ ወስዳ በመስታወት ውስጥ እንዴት አገር እንደሚያቀኑ ማየት ትፈልጋለች። የሚበሩበት ሰዓት አጭር ስለሆነ ሁሉም ጋ ልትደርስ አትችልም። ስለዚህ ማሳቸው አጠገብ የጉንዳን ጉድጓድ ያላቸውን ገበሬዎች ዋርካ ሥር ሰብስባ አስረዳቻቸው፤ ጥጥ የተወተፈባቸው ብልቃጦችም አደለቻቸው።

ላሊሶ ስብሰባው ላይ ነበረ። ነበረ እንጂ አልሰማም።

የትኛዋን አንሡ፣ የትኛዋን ተዉ እያለች ስታስረዳ እሱ መነጽሯን ያያል። ቦርሳዋን ያያል። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጣት ያያል። «የእኔም ልጅ እንዲህ ትሆን ነበር» ይላል በሆዱ። «እንዲህ ነበር የምትቆመው።» ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጆሮው ውስጥ የቀረው «ንግሥቶቹን ሰብስቡልኝ» የሚለው ብቻ ነው።

ዝናቡ ዘነበ። ፀሐይ ወጣች። ክንፋሞቹ ተነሡ።

ላሊሶ ብልቃጦቹን በከረጢት ይዞ በቆሎው ዳር ተንበረከከ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ክንፋቸውን እየዘረጉ የሚወጡትን በጣቱ ቀስ እያለ ያነሣል። ክንፋቸው በፀሐይ ሲያንጸባርቅ ያምራል! እሱ በጥንቃቄ ያነሣና ወደ ብልቃጡ ይከታል። በሣሩ መሐል ደግሞ ትልልቅ፣ ወፍራም፣ ክንፍ የሌላቸው ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። እጁ ላይ የወጣችውን ሁሉ አራግፎ ይጥላል። አንዷን በጫማው ገፋ አደረጋት።

በዚህ መሐል ዝናሽ ምሳውን ይዛለት መጣች። ቂጣውን ከጣሳ አውጥታ ከአጥሩ ጥላ ሥር አስቀመጠችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ከሣሩ ላይ አንዷን አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት።

«አባባ፣ ይህችስ? ከሁሉም ትበልጣለች እኮ።»

ላሊሶ ቀና ሳይል «ጣያት» አለ። «ክንፏን የጣለች ምን ንግሥት ትባላለች? አበቃላት እኮ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አባቶች። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ቀና አለ። ዝናሽ እጇን እያየች ነው።

«እሺ አባባ» አለች።

አልጣለቻትም። ተነሥታ አጥሩ ሥር፣ ዝናቡ ያለሰለሰው አፈር ላይ፣ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት። ከዚያ ባዶውን ጣሳ ይዛ ወደ እናቷ ተመለሰች። ላሊሶ ሊጠራት አፉን ከፈተ። ምን ብሎ ይጥራት? ስሟን መጥራት ረስቷል እኮ!

ወደ አመሻሹ ዶክተር ትርሲት ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ መጣች። ላሊሶ ከረጢቱን እንደ መባ በሁለት እጁ አቀረበላት። አንድ ብልቃጥ አየች፤ ሌላውን አየች። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ጋሽ ላሊሶ፣ እነዚህ ትንንሾቹ ወንዶች ናቸው። ቢበዛ ነገን አይሻገሩም። እነዚህ ደግሞ ሴቶች ናቸው፤ ግን ገና ከጉድጓዱ ሲወጡ ነው የያዟቸው መሰለኝ። አልበረሩም፣ ከወንድ አልተገናኙም። ምንም አይወልዱም።» ከረጢቱን ገልበጥበጥ አደረገችው። «ክንፍ የሌላቸውስ የት አሉ?»

«ጣልኳቸው።»

«ወይኔ! እነሱን ነበር እኮ ያልኩት! ንግሥቶቹ እነሱ ናቸው!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ዶክተር ትርሲት ሰው አክባሪ ስለነበረች ቁጣዋን ዋጠች። ይዛው ወደ ሣሩ ሄደች፤ ጎንበስ አለችና ከመሬት አንድ ነገር አንሥታ መዳፉ ላይ አደረገችለት። ክንፍ ነው። ባዶ ክንፍ። ልብ ብሎ ሲያይ መሬቱ ሁሉ በዚያ ተሞልቷል። ቀኑን ሙሉ ሲረግጠው የዋለው እሱን ነው።

«ማን ነቀለው?» አለ።

«ማንም አልነቀለውም። ከበረራዋ እንደ ወረደች ራሷ በእግሯ እየገፋች ትጥለዋለች።»

«በገዛ እጇ?»

«በገዛ እጇ። ጉድጓድ ልትገባ ነዋ፤ ክንፍ ምን ያደርግላታል? ገብታ በላይዋ አፈሩን ትዘጋለች። ልጆቿ አድገው ከፍተው እስኪወጡ እህል አትቀምስም። ያ ክንፏን ያንቀሳቅስ የነበረው ሥጋዋ ውስጧ ይሟሟል፤ በእሱ ነው የመጀመሪያዎቹን የምታሳድገው። ደግማ አትበርም። ይህ በእርስዎ ማሳ ዳር ያለው ጉንዳን ሁሉ፣ እህልዎን እየተሸከመ የሚያስቸግርዎት ሁሉ፣ አንድ ቀን ክንፏን ከጣለች ከአንዷ የመጣ ነው።»

ላሊሶ መዳፉ ላይ ያለውን ክንፍ በጣቱ ገልበጥ አደረገው።

«ያማት ይሆን?» አላት።

«እሱን እኔም አላውቅም፣ ጋሼ።»

ከዚያ ዶክተር ትርሲት አጥሩ ሥር ሄዳ ተንበረከከች። «አንዷ ግን እዚህ ገብታለች!» አለች። አፈሩ ላይ የበቆሎ ፍሬ የምታክል አዲስ ቁልል አለች። መቆፈሪያዋን አወጣች። «ይህችን እንኳ ላውጣት።»

«ተያት!» አለ ላሊሶ። ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «እባክሽ ይህችን ተዪልኝ። እዚህ ያስቀመጠቻት ልጄ ናት።»

ልጄ! ስንት ጊዜው ነው ይህን ቃል ካወጣ? ወገኖቼ፣ ያ ሽማግሌ እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዶክተር ትርሲት ግራ ገብቷት በጉንዳኖቹ መጥፋት ያዘነ መስሏት «ግድ የለም ጋሼ፣ ከሌሎቹ አገኛለሁ» እያለች ታጽናናዋለች።

ማታ ሆነ። እራት ቀረበ። ዝናሽ እናቷን ቀና አድርጋ ትራሱን ከጀርባዋ ወተፈች፤ ልጆቹም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ላሊሶ መጸለይ አቃተው። ያ ጸሎት የሚችለው ሰው! ጎመኑ ቀዘቀዘ። ሚልክያስ ዓይኑን ገልጦ አባቱን አየ። ላሊሶ የሚያየው ግን ከፋንታዬ ሥር የተነጠፈውን፣ በመታጠብ ብዛት የሳሳውን ያን ነጭ ጨርቅ ነው።

«ዝናሽን…» አለ። ከሁሉ ቀድሞ። «ልጄን ዝናሽን ባርክልኝ። እኔ የጣልኳትን አንተ አልጣልካትም። ይቅር በለኝ። እሷም ይቅር ትበለኝ።»

በየማታው ለሌላው ሁሉ ጮክ ብላ «አሜን» የምትለው ዝናሽ ድምፅዋ አልወጣም። አንገቷን ደፍታለች። ከአልጋው ላይ ነው ድምፅ የመጣው። ፋንታዬ በዚያ በግማሽ አፏ፣ እየተንተባተበች፣ «አ… ሜን» አለች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ?

ከቤታችሁ ጸሎት የተዘለለው የማን ስም ነው? እናታችሁ አጠገብ የቀረችው እህታችሁ ናት? የእናንተን የትምህርት ቤት ወጪ ሊሸፍን የቀን ሥራ ገብቶ እጁ የሻከረው ታላቅ ወንድማችሁ ነው? ከተማ ያለው ወንድማችሁ የተመረቀበትን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላችኋል። ደግ አደረጋችሁ። አባታችሁን የሚያጥበው ወንድማችሁ ፎቶ የት አለ?

ከፍ ብሎ የበረረውን ለማየት አንገታችን እስኪቆለመም ቀና እንላለን። ክንፉን ለእኛ ሲል የጣለውን ግን በጫማችን ገፋ እናደርገዋለን። «አበቃለት» እንላለን። ከክብሩ ወርዶ ወደ እኛ አፈር የገባውን ጌታ እንኳ ሰዎች ያሉት እንዲሁ አልነበረም? ክንፍ አላዩበትማ!

አንድ ነገር ግን አደራ። ከዚህ ወጥታችሁ «ሰባኪው ሴት ልጅ ትምህርቷን ትታ ቤት ትዋል አለ» እንዳትሉ! አላልኩም። የዚያችን ንግሥት ክንፍ የነቀለባት የለም፤ ራሷ ናት የጣለችው። የልጁን ክንፍ በግድ የሚነቅል አባት ከላሊሶ የባሰ ነው። ደግሞስ ሚልክያስ የት ነበረ? ጎረምሳ አይደለም እንዴ? እናቱን ማገላበጥ ለወንድ ልጅ ነውር ነው ያለው ማነው? ጉባኤውስ ላሊሶን አስጸልዮ ከመሸኘት በቀር «ቤትህ ማን አለ?» ያለው አለ? ሸክሙን ሁላችን ብንይዘው ኖሮ ያን መቀስ ባላነሣች ነበር።

አሁን አንዳንዳችሁ በሆዳችሁ «ታዲያ ዝናሽ ተመልሳ ተማረች ወይ?» እያላችሁ ነው። አውቃችኋለሁ። ተምራለች ብላችሁ ልታከብሯት፣ አልተማረችም ብላችሁ ልታዝኑላት ተዘጋጅታችኋል። አያችሁ? ላሊሶም ያን ጥያቄ ይዞ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ስሟን የዘለለው። እኔ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ማታ ወዲህ ስሟ ተዘልሎ አያውቅም።

ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ገበታ ይቀርባል። ከገበታው ዳር፣ ወይም በሩ አጠገብ፣ ወይም ስልክ ብትደውሉለት በሚያነሣበት ሩቅ ቦታ፣ ስሙን ያልጠራችሁት ሰው አለ። እጃችሁን ወደ ምግቡ ከመስደዳችሁ በፊት ጥሩት። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ጥሩት።

ጎመኑ ይቀዝቅዝ።